ደም ለሰጡን ሰዎች ምስጋና ይዘን፤ ከሆሳዕና እስከ ሺንሺቾ

ሁለት ሆነን ሄድን፤ ብቻዬን ተመለስኩ። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው አንባቢ እስከ መጨረሻው ተስፋ ሲያደርግ እንዳይደክም ነው። እኔ መንገዱን ሁሉ ተስፋ ሳደርግ ነው የሄድኩት፤ ምን ያህል እንደሚያደክም አውቀዋለሁ።

የደብረ ብርሃን ሰው ወደዚያ አገር የሚያስኬደው ጉዳይ ብዙም የለው። ከተመለስኩ ጀምሮ ጎረቤቶቼ «አገሩ እንዴት ነው? መንገዱስ? ምን ይበላል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ እሱ መጠየቅ ስለፈሩ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ደግሞ አገሩን ከእሱ ለይቼ መናገር ስላልቻልኩ ሁለቱንም አብሬ ጻፍኩት።

ባሌ ማርቆስ የሺንሺቾ ልጅ ነው፤ ከምባታ። ደብረ ብርሃን የመጣው ጂኦግራፊ ሊያስተምር ሲሆን፣ እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የፈተና ወረቀት ሊያባዛ ሲመላለስ ተግባብተን ተጋባን። ልጅ እያለ ጉሮሮውን እየታመመ በወቅቱ ስላልታከመ በሽታው ወርዶ የልቡን ቫልቭ ጎድቶት ኖሯል። ካወቅኩት ጀምሮ ከሲታ ነበር። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ተማሪ የሚቆጣ መስሎ ያርፋል፤ የልቡ ምትም አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይዘገያል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ አስቀምጦ አስረድቶን ነበር። «ልብ በግራ በኩል አውራ ጣት የምታህል ኪስ አለችው» አለን። «ምቱ የተዛባ ሰው ደሙ እዚያች ኪስ ውስጥ ቆሞ ይረጋል። የረጋው ተነስቶ ወደ ጭንቅላት ከሄደ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ደረቱን ከፍተን ቫልቩን ስንቀይር እግረ መንገዳችንን ኪሷን ሰፍተን እንዘጋታለን።» ደስ አለን። የተዘጋ በር ሌላ ጣጣ ያመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ቀሪውን የነገረችን ከቀዶው በኋላ ክትትል የምታደርግለት ሐኪም ናት። ኪሷ እንዲያው የተንጠለጠለች አልነበረችም አለችን፤ ደም ሲበዛ ተለጥጣ ትቀበላለች፣ ውሃና ጨው ሲበዛም ኩላሊት እንዲያስወጣው መልእክት ትልካለች። «መዘጋቷ ከደም መርጋት ይጠብቀዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ውሃው ይጠራቀምና ልብ ይደክማል። በማን ላይ እንደሚሆን አስቀድመን አናውቅም፤ እንደ እሱ ቀድሞ የተጎዳ ልብ ሲሆን የበለጠ እንሰጋለን።» ጨው እንዲቀንስ፣ የሽንት ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት እንዲውጥ፣ ማለዳ ማለዳ እንዲመዘን አዘዘች። «በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደት ከጨመረ ውፍረት እንዳይመስልሽ፤ ውሃ ነው» አለችኝ፣ እሱን ትታ እኔን እያየች።

የጉዞው ምክንያት ደም ነው። ለቀዶ ሕክምናው ደም ሲጠየቅ ዘመዶቹ ከሆሳዕና፣ ከአንጋጫና ከሙዱላ ተሳፍረው አዲስ አበባ ድረስ መጡ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጥተው ተመለሱ። «እንዲህ ያለ ሰው በስልክ አይመሰገንም» ይላል ማርቆስ። «ቤቱ ይኬዳል፣ ማዕዱ ይበላል፣ አብሮ ይጸለያል።» ሐኪሟን አስፈቀድናት፤ የነገርኳችሁን ከጠበቃችሁ ሂዱ አለች። ሄድን።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሚዛኗን በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አዲስ አበባ ላይ ስንቀይር ረዳቱ «እናት፣ ምን ልትመዝኚ ነው? ሽንኩርት?» አለኝና ተሳፋሪው ሳቀ። ማርቆስም ሳቀ።

ኪኒኑን ግን አልዋጠም። «እሱን ውጬ በየት በየት ልወርድ ነው? ሹፌሩ ለእኔ ሲል በየቁጥቋጦው ሊቆም? ስንደርስ እውጣለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ያን ኪኒን የዋጠ ሰው ሽንት ቤት አጠገብ መዋል አለበት። አውቶቡሱ የቆመው ለምሳ ቡታጅራ ላይ ብቻ ነው።

ከቡታጅራ ወዲያ አገሩ ይለወጣል። እኛ ዘንድ ሜዳው ራቁቱን ነው፤ ከባሕር ዛፍ በቀር ነፋሱን የሚያቆመው የለም። እዚያ ቤቱ ሁሉ እንሰት ውስጥ ተደብቋል፤ ጣሪያ ብቻ ነው የሚታየው። ማርቆስ መስኮቱ ላይ ተደግፎ «አየሽ፣ በረሃብ ዘመን እንኳ ይሄ ተክል ሰው አያስርብም» እያለ አስተማረኝ። በልቤ፣ ክፍል ውስጥ ያለ መሰለው አልኩ።

ሆሳዕና ስንገባ የአጎቱ ልጅ አስቴር መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችን። አስተማሪ ናት፤ መጀመሪያ ደም የሰጠችውም እሷ ናት። ትከሻዋን ከትከሻው እያጋጨች ሳመችውና ጉንጩን በሁለት እጇ ያዘች። «ጌታ ይመስገን። ማርቆስ፣ ሰው ሆነህ መጣህ እኮ። ጉንጭ አወጣህ።» ማርቆስ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። እንደ ልጃገረድ አፈረ።

ማታ አታካና ቀረበ። ለማያውቅ ሰው፣ ከእንሰት የሚወጣው ቡላ በቅቤና በወተት እስኪርስ የሚሠራ የሀድያ የክብር ምግብ ነው። እኛ አገር ይህን ያህል ቅቤ አናት ላይ እንጂ ሆድ ውስጥ አይገባም። «ጨው አለው?» አልኳት አስቴርን። «አለው እንጂ፤ ያለ ጨው ሰው ይበላል?» አለችኝ፣ በስስት የጠየቅኩ መስሏት። ጨመረችልን።

ማክሰኞ

ጠዋት ሚዛኗን ሳሎን ወለል ላይ አስቀመጥኩና ማርቆስን አቆምኩት። የአስቴር ባል፣ ልጆቿ፣ ለሰላምታ የገባች ጎረቤት፣ ሁሉም ከበቡን። መርፌዋ ከቤት ስንወጣ ከነበረችበት አልፋ ቆመች።

«እንዴት ነው?» አለች አስቴር።

«ጨምሯል» አልኩ። እንደ መርዶ ነበር ያልኩት።

አስቴር እልል አለች። ጎረቤቷ ተቀበለቻት። ከዚያ ሁሉም ሚዛኗ ላይ ተራ በተራ ወጡ፤ የአስቴር ባል ከማርቆስ አንሶ ሲገኝ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ማርቆስም አብሮ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ቀጭን ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ቀን በክብደት ሲያሸንፍ ምን እንደሚሰማው ፊቱ ላይ አየሁት።

ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ። «አስቴርዬ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም እኮ። ውሃ ነው። ሐኪሟ ነግራኛለች።»

«ውሃ ቢሆን ፊቱ እንዲህ ያምር ነበር?» አለችኝ። ትከሻዬን ዳበሰችኝ። «አንቺ ስታስታምሚ ከርመሽ ደክሞሻል፣ ስንዱዬ። ደስታ እንኳ ሲመጣ ያስፈራሻል።» ክፋት ያለበት ሰው ቢሆን እጣላው ነበር።

ኪኒኑን ቆሜ አስዋጥኩት። ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ለምስጋና ጸሎት መጡ። እንግዳው መሃል ነው የሚቀመጠው፤ ጸሎቱም ስለ እሱ ነው። ጸሎቱ መሃል ላይ ማርቆስ ተነሳና ወጣ። ተመለሰ። ደግሞ ተነሳ። የሚጸልዩት ሽማግሌ እሱ እስኪመለስ ዝም ብለው ጠበቁት፤ ሲገባ ካቆሙበት ቀጠሉ። አክብሮት መሆኑ ነው። ማርቆስ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ማታ «ነገ አንጋጫ፣ ደም የሰጡን ሎምበሶ ቤት ይህን አልደግመውም» አለኝ። ብቆጣው፣ ባለቅስ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ረቡዕ

ወደ አንጋጫ የሄድንበት ሚኒባስ ጎማው ተንፍሶ ወረድን። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ሁለት ሴቶች ከእንሰቱ መሃል ወንበር ይዘው መጡና ማርቆስን አስቀመጡት፤ ስሙን አያውቁም፣ ፊቱን ብቻ አይተው ነው። እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ላይ ቢቸገር እናዝናለን፤ ወንበር ግን ከቤት አናወጣም። ስናመሰግናቸው የገረማቸው መሰለኝ።

አቶ ሎምበሶ ገበሬ ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አዲስ አበባ ሄደው ደም የሰጡ ዕለት መርፌው ሲገባ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር እየሳቁ አወሩን። ባለቤታቸውን ገና ከደጅ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ እሱ በሽተኛ ነው፤ ምግቡን ለብቻ ያድርጉለት» አልኳቸው። «አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» አሉኝ። በእርግጥም ለብቻ ሠርተውለታል። በርበሬውንና ዳጣውን አስቀርተው ቅቤውን አብዝተውለታል። እዚያ ለበሽተኛ የሚከለከለው የሚያቃጥለው ነው፤ ጨው የሰው ጠላት መሆኑን የሰማ የለም። ቡናው እንኳ ጨው ነበረው። እኔ ረቡዕ ስለሆነ ጾሜ ነው ብዬ ጎመን በላሁ፤ አዘኑልኝ። ምነው እሱም ኦርቶዶክስ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ያን ቀን ኪኒን አልዋጠም። ሲቆም ጫማው አልገባለትም፤ ማሰሪያውን ፈትቶ ተረከዙን ረግጦ ነው የሄደው። እኔ ደጅ ወጥቼ ኔትወርክ ፍለጋ ጓሮውን ስዞር ቆይቼ ሐኪሟን አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። «ዛሬውኑ አንድ ኪኒን ይጨምር፤ ነገ ሆስፒታል ይታይ» አለችኝ።

ነገርኩት። ኪኒኑን ዋጠ። «ነገ ሆሳዕና እንመለስ» ስለው ግን አንገቱን ነቀነቀ። «ሺንሺቾ እዚህ ናት፣ ስንዱ። አንጋጫ ድረስ መጥቼ ሳላያት መመለሴን እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች? ስታለቅስብኝ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ስትስቅ ልያት፤ ከዚያ ወደ ወሰድሽኝ እሄዳለሁ።»

ይዤው መመለስ ነበረብኝ የሚል ሰው አይጠፋም። እሱን ያላወቀ ይበል።

ሐሙስ

በዱራሜ አድርገን ሺንሺቾ ደረስን። እናቱ መንገድ ድረስ ወጥታ ቆማ ነበር። ትንሽ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ እኔም ከምባትኛ አልችልም፤ የምንግባባው በእጅ ነው። አየችው። ጎኑን፣ ክንዱን፣ ሆዱን ዳሰሰች፤ በግ እንደሚገዛ ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ሞላ» አለችኝ። «ልጄ ሞልቶ መጣ።»

ቤት ገብተን ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበችና እግሩን ልታጥብ ጎንበስ አለች። እኔ አጥባለሁ ብል እምቢ አለች። ካልሲው ሲወልቅ ላስቲኩ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። በአውራ ጣቷ ቁርጭምጭሚቱን ጫን ስታደርግ ጣቷ የነካው ጉድጓድ ሆኖ ቆየ። አሁን ይገባታል ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሳቀች። ሌላ ቦታ ጫን አደረገች፤ ያም ጎደጎደ። እየሳቀች በከምባትኛ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ሳቀና ተረጎመልኝ፦ «ሕፃን ሳለሁ እግሬ አጥንት ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ሊጥ ለሰለሰ ትላለች።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ያውቃል። እኔም ማወቁን አወቅኩ። «ተይ» አለኝ በዓይኑ። ተውኩ።

ዓርብ

ጠዋት ስነቃ ማርቆስ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን መሬት አውርዶ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥረው እንዲያ ሆኖ ነው ያደረው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሚዛኗን አላወጣኋትም፤ የምትነግረኝ አዲስ ነገር አልነበራትም። «አሁን እንሂድ» አለኝ ራሱ። እንዲያ ሲል ተስፋዬ ተሟጠጠ፤ ማርቆስ ሂድ ቢባል እንኳ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ጎረቤቱ ግን ለምስጋና ከማለዳው ተሰብስቦ ነበር። ደጁ በሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ሊስመው፣ ሊመርቀው ይፈልጋል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰውን በክርን እየገፋሁ አወጣሁት። ጤና ጣቢያው መርፌ ሰጥቶ ኦክስጅን አድርጎለት በአምቡላንስ ወደ ሆሳዕና ላከን። ስንመጣ ያየነውን መንገድ ሁሉ ወደ ኋላ ሄድንበት፤ እንሰቱ፣ ጭቃው፣ ወንበር ያመጡት ሴቶች ደጅ።

መንገድ ላይ የኦክስጅኑን መሸፈኛ ከፍ አደረገው። «ስንዱ» አለኝ። «ለእናቴ አብጦ ነበር ብለሽ እንዳትነግሪያት።» ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም።

ቅዳሜ

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ነው፤ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ውሃው ሳንባው ውስጥ መግባቱን፣ ልቡ መግፋት እንዳቃተው፣ የሚችለውን ሁሉ መድኃኒት እየሰጠው መሆኑን ነገረኝ።

«ያቺ ኪስ ስለተዘጋች ነው?» አልኩት።

ዓይኑን አሻሸ። «ሊሆን ይችላል። ጨውም ሊሆን ይችላል፣ ኪኒን መዝለሉም። ልቡ ራሱም ከድሮ የተጎዳ ነው። ኪሷ ባትዘጋ ደግሞ ምናልባት ጭንቅላቱ ላይ ደም ረግቶ ቀድሞ አጥተሽው ነበር። የትኛው እንደሆነ ለይቼ ብነግርሽ እዋሻለሁ።»

የማማርረው ሰው ፈለግኩ። ቀዶ ሐኪሙን ልጥላ ብል ያዳነው እሱ ነው። ዘመዶቹን ልጥላ ብል ደማቸው እሱ ውስጥ ነው። ራሱን እንዳልጠላው እዚያ ተኝቶ ያቃስታል።

ረፋዱ ላይ ግቢው በር አንድ ሚኒባስ ቆመና ሰዎች ወረዱ። አስቴር፣ አቶ ሎምበሶ፣ ከሺንሺቾ የመጡ ወጣቶች። ፊት ፊት የሚሄደው የሙዱላው አቶ ደሳለኝ ነው፤ ደም ከሰጡት ሦስተኛው፣ ቤቱ ሳንደርስ የቀረነው። ነጋዴ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ሰላም እንኳ ሳይለኝ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበ።

«የት ነው የሚሰጠው?» አለኝ። «ቁርስ በልቻለሁ፤ ያኔ ሳልበላ ሰጥቼ አዙሮኝ ነበር።»

ከኋላው ያሉት ሁሉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነበር። አቶ ሎምበሶ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጥለዋል።

«ደም አልጎደለውም» አልኳቸው። «የበዛበት ውሃ ነው። የሚሰጠው ነገር የለም።»

አልገባቸውም። አስቴር ግን ገባት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ጠጋ አለችና ቀስ ብላ «ያን ጠዋት ያልሽኝ ነው?» አለችኝ። «እኛ ነን ያበላነው፣ ስንዱ?»

የሐኪሙን ቃል ነገርኳት፤ ልቡ ከድሮ የተጎዳ ነበር አልኳት። ውሸት አይደለም። አስቴር ግን ቀና ብላ አላየችኝም። አቶ ደሳለኝ እጅጌውን አወረደና ቁልፉን ቆለፈ።

ማርቆስ ከሰዓት በኋላ አረፈ። እጁን ይዤው ነበር። ደም ሊሰጡት የመጡበት ሚኒባስ እሱንም እኛንም ይዞ ወደ ሺንሺቾ ተመለሰ።

እሑድ

ቀብሩ ላይ ሰው እንደ ጉድ ነበር። እኛ አገር በልቅሶ ሙሾ ይወረዳል፤ እነሱ ይዘምራሉ፤ መዝሙሩ ከሙሾ ይብሳል። ቋንቋውን ባላውቅም የማርቆስን ስም በሰማሁ ቁጥር ቀና እል ነበር። ያለቀሱት ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፤ አስቴር ተረጎመችልኝ፦ ሰሞኑን እንዴት አምሮበት ነበር፣ ይላሉ።

ከመቃብር ስንመለስ እናቱ ከአጠገቧ አስቀመጠችኝ። እጄን ያዘች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች በአማርኛ አወራችኝ።

«ልጅ ሆኖ እንዲህ ነበር» አለች፣ ትንሿን ጣቷን ቀጥ አድርጋ እያሳየችኝ። «ሁልጊዜ ፈራሁ። እንዲህ ቀጭን ሆኖ እቀብራለሁ ብዬ ፈራሁ። ጌታ ይመስገን። ሞልቶ ቀበርኩት። አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽው። ተባረኪ።»

«አዎ እማማ» አልኳት። «ሞልቶ ነበር።»